የአቢሻ ዳስ ዘንድሮ ያንጠባጥባል

በገሪዛን ተራራ ላይ ካለነው ሳምራውያን ሁሉ እንደ አቢሻ የዳስ በዓልን እንደ ሠርግ ቀን የሚጠብቅ የለም። ዕድሜውን ሙሉ የሰሊጥ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ኖሯል፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ግን ከወፍጮው አይጀምርም። ከሳሎኑ ጣሪያ ነው የሚጀምረው።

ዳሱን የምንሠራው ቤት ውስጥ ነው። ድሮ ደጅ ሲሠሩት ጠላቶች እያፈረሱ ቢያስቸግሯቸው አባቶቻችን ወደ ሳሎን አስገቡት፤ እዚያው ለምዶ ቀረ። ከጣሪያው በታች የብረት መረብ ይዘረጋል፣ በላዩ ዘንባባ ይነጠፋል፣ ከሥሩ ሮማኑ፣ ትርንጎው፣ ፖሙ፣ ብርቱካኑ በሽቦ እየታሰረ ይንጠለጠላል። አቢሻ እጁ ሲገባበት ደግሞ ፍሬው ፀሐይ ይሆናል፣ ኮከብ ይሆናል። ከታች ከናብሉስ ከተማ ሙስሊም ወዳጆቹ ልጆቻቸውን አስከትለው ሊያዩለት ይመጣሉ።

ዘንድሮ ግን ትከሻው አሻፈረኝ አለ። በክረምት ወፍጮ ቤቱ መሰላል ላይ ተንሸራቶ ወድቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እጁ ከጆሮው በላይ አልነሣ አለው።

«ዘንድሮ ዳስ የለም» አላት ባለቤቱን ባድሪያን። «ጎረቤት እየዞርን የሰው ፍሬ እናያለን።»

«ልጅህ ቶቪያ የለም እንዴ?»

«ቶቪያ የጫማውን ክር የምታስሪለት አንቺ ነሽ።»

«ሉዳ አለችልህ።»

ሉዳ የቶቪያ ሚስት ናት። ከዩክሬን መጥታ፣ ሕጉን ተቀብላ፣ ሰንበቱንም ጾሙንም ከእኛ እኩል ይዛ ትኖራለች። ያም ሆኖ መንደሩ እስከ ዛሬ «እንግዳዋ» ነው የሚላት። አቢሻ ምራቱን ይወዳታል፤ መረቡን አሳልፎ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው። ነገሩን በሆዱ ይዞ ትከሻውን ሊታሽ ሆሎን ከተማ እኅቱ ዘንድ ወረደ፤ ባድሪያም አብራው ሄደች።

የተመለሱት በበዓሉ ዋዜማ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ነው። አቢሻ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንዳይጠብቀው እየፈራ በሩን ገፋ አደረገው።

ዳሱ ተሰቅሏል። ያውም እንዴት ያለ። ቀይ ሮማን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰድሯል፤ መሃል ላይ ጥቁር በለስ በቢጫ ሎሚ ተከቦ ትልቅ የሱፍ አበባ ሆኗል፤ የሉዳ አገር አበባ። ሉዳ ራሷ መሰላሉ ሥር ቆማ ሽቦ የጫረውን እጇን ከኋላዋ ደብቃለች።

ቀጥሎ ሽታው መጣ። አቢሻ ወዲያው ገባው። የዳስ ፍሬ ጠንከር ያለው፣ ጥሬው ነው የሚመረጠው፤ ሰባት ቀን ተንጠልጥሎ መሰንበት አለበትና። እሷ ግን ለክቡር እንግዳ እንደሚገዛ ከገበያው ሁሉ የበሰለ የበሰለውን ለቅማ አምጥታለች። እኛ ከልጅነታችን ስለምናውቀው ማናችንም አልነገርናት። ቶቪያም መሰላል ከመያዝ ያለፈ ሙያ የለውም። ፀሐይዋ ከጠለቀች ደግሞ ሥራ የለም፤ የተሰቀለው እንደተሰቀለ ነው።

«ምነው አባባ፣ አላማረዎትም?»

አቢሻ ስለ ፍሬው ሊነግራት ብሎ ተወው፤ ከበሩ ሆኖ ወደ ላይ ቀና አለ። መሰላል ላይ ሆኖ ያላየው ነገር ነበር ለካ።

«ልጄ» አላት፣ «ከደጅ ገብቼ ዳስ ተሠርቶ ሲጠብቀኝ ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጥሽ።»

በነጋታው ከተራራው ጫፍ ጸሎት ወርደን ቤት ለቤት ስንዞር፣ አቢሻ ቤት ቀድመው የገቡት ካህኑ ኢታማር ናቸው። ተቀምጠው ቡራኬ ሲጀምሩ ከአንድ የተሰነጠቀ ሮማን ጭማቂው ነጭ እጅጌአቸው ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ከሌላው። ከዚያ በለሱ ተራውን ያዘ።

ጎረቤታቸው ስሃም ሰውን ለመተረብ ነው የምትኖረው። «አቢሻ፣ ዘንድሮ ቧንቧ ነው እንዴ ያስገባኸው?»

ሰው ሳቁን ዋጠ።

«እሱ ምን ያድርግ፣ እንግዳዋ ናት የሰቀለችው» ብላ ጨመረችበት።

ሉዳ ፊቷ እንደ ሮማኑ ቀላ። የያዘችውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ማድ ቤት ልትገባ ስትል አቢሻ ተነሣ። በደህናው እጁ ወንበሩን ጎትቶ ይበልጥ ከሚያንጠባጥበው ሮማን ሥር አመቻችቶ ተቀመጠ። ጠብታው ራሱ ላይ አረፈ።

«ስሃም» አለ፣ «አባቶቻችን አርባ ዓመት በረሃ ላይ ጠብታ ሲለምኑ ኖሩ። የእኔ ጣሪያ ሳልለምነው ያጠጣኛል። ቅናት ከሆነ ወንበር አለ፣ ነይ ተጠጊ።»

ካህኑ እጅጌአቸውን ቀመስ አድርገው አጣጣሙ። «ጣፋጭ ነው። የማን እጅ ነው?»

«የልጄ። የሉዳ።»

«ነይ ሉዳ» አሉና ቡራኬውን ካቆሙበት ሳይሆን ከመጀመሪያው፣ በስሟ ጀመሩላት። ከዚያ ወዲያ ማን ይረጋል። ሰዉ ወንበሩን ጠብታ ወዳለበት ያንፏቅቅ ጀመር፤ ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ስሃምም አላስቻላትም፣ ከበለሱ ሥር ተገኘች።

እንግዳው ሲበተን ሉዳ ከአቢሻ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ትናንት አውቀው ነበር?»

«ከበሩ ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ። የከርሞውን ፍሬ አብረን ወርደን እንገዛለን። ጥሬውን አሳይሻለሁ፣ አንቺ ትሰቅዪዋለሽ።»

«ትከሻዎ ቢድንስ?»

«ቢድንም መሰላል አልወጣም።»

ባድሪያ ከማድ ቤት ሰማችው። «ስንፍናውን ጭራሽ በዓል አደረገው» አለች፤ ሉዳ እየሳቀች አቢሻ ትከሻ ላይ የተንጠባጠበውን ጭማቂ በእጇ ጠረገችለት።