ተራዬን ሳልጠብቅ ያንቀሳቀስኳቸው ሰባት ጠጠሮች

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ቀይ ሽብሩ በረድ ካለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኮልፌ ውስጥ በቀበሌያችን አዳራሽ ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎኛል፣ ነገሩ ግን ከውስጤ አልወጣም። ያልወጣው ደግሞ ስለ ጨዋታው ብቻ አይደለም። የኔን ጨዋታ ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ሲያወራው ስሰማ ስለኖርኩ ነው።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሉኛል። ያኔ የቀበሌያችን ስፖርት ኃላፊ ስለነበር እዚህም ስፖርት ኃላፊው እለዋለሁ። አንባቢ ማንነቱን ቢያውቅ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

እኔ በቀበሌው መዝናኛ ክበብ ሻይ አቀርብ ነበር። ክበቡ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስና ጥቂት የቼዝ ሰሌዳዎች ነበሩት። ባዶ ብርጭቆ ለማንሣት ስሄድ ቆም እልና ወንዶቹ ሲጫወቱ አያለሁ። ቼዝን የተማርኩት እንዲህ ቆሜ ነው። ጠይቄ አላውቅም፤ ያስተማረኝም የለም።

ሰንጠረዥን ግን ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። አባቴ በንጉሡ ዘመን በአንድ ደጃዝማች ቤት አሳላፊ ነበር። ደጃዝማቹ እንግዳ ባጡ ቀን ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ከእሱ ጋር ነው። እሳቸው ከታሰሩ በኋላ አባቴ እዚያ ቤት መኖሩን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም። ቀዩን የሰንጠረዥ ጨርቅ ፍራሽ ውስጥ ሰፍቶ ደበቀው። እሁድ እሁድ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስንመለስ በሩን ይዘጋና የፍራሹን ስፌት ተርትሮ ያጫውተኛል። ወንድ ልጅ ቢኖረው ኖሮ እኔን እንደማያስተምረኝ አውቃለሁ። ይህንንም አልረሳሁትም።

ሰንጠረዥ ከቼዝ ጋር ይመሳሰላል፤ አጀማመሩ ግን ይለያል። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ወረራ ይባላል። አባቴ በወረራው ጊዜ እጁ አይቸኩልም ነበር፤ አንድ ያስቀምጣል፣ የኔን ጎን ያያል፣ ደግሞ አንድ ያስቀምጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሶቭየት ኅብረት የመጣ የቼዝ ግራንድማስተር በአዳራሻችን ከሃያ ሰው ጋር ባንድ ጊዜ ሊጫወት ነው ተባለ። ሰሌዳ ከየቀበሌው ተለመነ። ስፖርት ኃላፊው ተጫዋቾቹን መርጦ የእያንዳንዱን ስም በወረቀት ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሃያኛው ጠረጴዛ ላይ የራሱን ስም አኖረ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ከቀበሌው በላይ ካለው አስተዳደር፣ ከከፍተኛው፣ የመጣ አንድ ባለሥልጣን አዳራሹን ዞር ብሎ አየና ጠራው።

«ጓድ፣ ሴቶቹ የታሉ?»

«ጓድ፣ ሴቶቻችን ለቼዝ ያላቸው ፍላጎት...»

«ስለ ፍላጎት አልጠየቅኩህም። ፎቶ ይነሣል።»

ስፖርት ኃላፊው ወደኔ መጣ። ትሪ ይዤ ግድግዳው ጥግ ቆሜ ነበር።

«ሽርጥሽን አውልቂና እኔ ቦታ ተቀመጪ። ፎቶው እስኪነሣ ብቻ ነው። ተነሺ ስልሽ ትነሻለሽ።»

«ቼዝ እኮ እችላለሁ» አልኩት።

«ማን ጠየቀሽ?»

ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጋሽ ሸምሱ ነበር፤ ኮልፌ ገበያ ልብስ የሚሰፋ፣ ክበቡ ሲመጣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ጎረቤታችን። «አይዞሽ ዘነቡ፣ እኔም የመጣሁት ልሸነፍ ነው» አለኝ።

ግራንድማስተሩ አጠር ያለ፣ ራሰ በራ ሰው ነው። ሲራመድ ጫማው ሲጥ ሲጥ ይላል። በየጠረጴዛው እየቆመ አንዳንድ ጠጠር ገፋ አድርጎ ያልፋል፤ በመጀመሪያው ዙር የኔም ጋ አንድ ገፍቶ አለፈ። የኛ ሥርዓት ደግሞ ዞሮ እስኪመጣ ማሰብ፣ ፊታችን ሲቆም አንድ ጊዜ ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ለተጫዋቾቹ ስንት ቀን ሙሉ ሲያስረዷቸው ሰምቻለሁ።

ግን ፈራሁ። ስፈራ እጄ የሚያውቀውን ሠራ። አንድ ወታደር ገፋሁ፤ ቀጥዬ ሌላ፤ ከዚያ ፈረሱን። አቀርቅሬ ነበር። የጫማው ድምፅ ዞሮ ሃያኛው ጠረጴዛ ጋ ደርሶ ሲቆም ቀና ብዬ ሰሌዳውን አየሁት። ሰባት ጠጠሮቼ ከቦታቸው ተነሥተዋል። በሌላው ሰው ሁሉ ሰሌዳ ላይ ግን የተነሣው አንድ ጠጠር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ጋሽ ሸምሱ ነው። «ዘነቡ! አንቺ ዘመቻ ጀመርሽ እንዴ? የኔ ሠራዊት እኮ ገና ቁርሱን አልበላም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ስፖርት ኃላፊው ሮጦ መጥቶ ከኋላዬ ወንበሬን ያዘ።

«ምን አደረግሽ? አዋረድሽን እኮ! መልሺ! ይልቅ ተነሺ!»

ልነሣ ስል ግራንድማስተሩ መዳፉን ዘርግቶ «ቆይ» የማለት ምልክት አሳየን። አስተርጓሚው ሞስኮ ተምሮ የመጣ ወጣት ነበር። «ለምን እንዲህ እንዳደረግሽ ይጠይቅሻል» አለኝ።

ሰንጠረዥ ያኔ የመሳፍንት ጨዋታ ነው። የከፍተኛው ሰው አምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል።

«አንድ የቆየ ጨዋታ አለ፤ እንዲህ ነው የሚጀመረው» አልኩ።

«ማን አስተማረሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጠየቀኝ አስተርጓሚው መስሎኝ ነበር።

«አባቴ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ድምፁ ከኋላዬ እንደመጣ የገባኝ። የጠየቀኝ ስፖርት ኃላፊው ነበር።

ግራንድማስተሩ ከአስተርጓሚው ጋር ትንሽ ተነጋገረ። «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታንቀሳቅሱት ይላል።»

«የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ።»

ሰውየው እኔን አላየኝም። ሰሌዳውን ነው ያየው። ያንቀሳቀስኳቸውን ጠጠሮች በጣቱ እያመለከተ ቆጠረ። ከዚያ፣ አንዱን አስቀድሞ ገፍቶ ስለነበር፣ ስድስት ጨመረ። አንድ ያስቀምጣል፣ የኔን ጎን ያያል፣ ደግሞ አንድ ያስቀምጣል። ሰባት ሲሞላ እጁን ሰብስቦ ጎንበስ አለልኝ። ሳቁ ቆመ። ካሜራው ብልጭ ያለው እሱ እያንቀሳቀሰ ሳለ ነው።

«ፎቶው ተነሥቷል፤ በቃሽ» አለ ስፖርት ኃላፊው።

አልተነሣሁም። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አላውቅም። ግራንድማስተሩ አንድ ነገር አለ፤ አስተርጓሚውም «ጨዋታ የጀመረ ሰው አይቀየርም ይላል» ብሎ ተረጎመ። የከፍተኛው ሰው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስፖርት ኃላፊው ወንበሬን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ተራዬን እየጠበቅኩ በደንቡ ተጫወትኩ። ሰዉ አንድ በአንድ ተሸነፈ። ጋሽ ሸምሱ ንጉሡን አጋድሞ «እኔ ተማርኬያለሁ፤ አንቺ እንዳትበተኚ» አለኝና ወንበሩን ወደኔ አዞረ። በመጨረሻ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ግራንድማስተሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ብዙ ጠጠር አልነበረኝም፤ ግን ንግሥቴ ንጉሡን አገኘችው። ቼክ አልኩት፣ ሸሸ። ደግሜ ቼክ አልኩት፣ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

«ቼኩ ማብቂያ ስለሌለው አቻ ነው» አለ አስተርጓሚው። ጋሽ ሸምሱ እስኪያልበው አጨበጨበ።

እሁድ ለአባቴ ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አባቴ አልሽ? ከስንት ሰው ፊት?» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ፍራሹን ተርትሮ ጨርቁን አነጠፈና «ደርድሪው» አለኝ። ደረደርኩለት።

«እሱስ ስንት አንቀሳቀሰ?»

«ሰባት።»

አባቴ ሰባቱን ጠጠሮች አንድ በአንድ በጣቱ ነካቸው። «የሰው ልጅ ነው» አለ።

ሰኞ ስፖርት ኃላፊው ክበቡ መጣና ሻይ አዘዘ። ሳቀርብለት «አቻው በወረቀቱ ላይ በኔ ስም ነው የተመዘገበው። ለበላይም እንደዚያው ሄዷል» አለኝ።

«እርስዎ እኮ አልተቀመጡም፣ ጓድ።»

ስኳሩን ቀስ ብሎ አማሰለ። «ለመሆኑ አባትሽ ሰንጠረዥ የት ቤት ነው የተማረው?»

ባዶ ትሪዬን አነሣሁ።

«ማወቅ ካስፈለገ ይታወቃል» አለ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ነው የተጫወተው?»

«እርስዎ ነዎት» አልኩት።

ይህን ቃል ከገዛ አፌ ሰምቼዋለሁ። እሱ ከሠራብኝ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

የሆነውን ለአባቴ ነገርኩት። ጨርቁን ከፍራሹ አውጥቶ በመቀስ ቆራረጠው። ከዚያ በኋላ ሰንጠረዥ አልተጫወትንም፤ እስኪሞት ድረስም ስሙን አላነሣውም። ስፖርት ኃላፊው ግን በዚያ አቻ ስድስት ወር ሞስኮ ሠልጥኖ፣ ካፖርት ለብሶ ተመለሰ።

ለኔ የደረሰኝ ፎቶው ነው። ከሳምንታት በኋላ በጦር ኃይሎች ሰፈር በኩል ሳልፍ የዚያን ቀን ፎቶ ያነሣን ሰው ከሱቁ በር ላይ ሆኖ «ነዪ፣ ባለ ሰባቷ!» ብሎ ጠራኝና አንድ ቅጂ ሰጠኝ። ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ዓመታት አለፉ። ደርግም አለፈ፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ በኋላ ማን ያምነኛል ብዬ ነው። ዘንድሮ ቀራንዮ አንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። ስፖርት ኃላፊው፣ አሁን ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ከወንዶቹ መሐል ሆኖ ያወራል።

«ገና ሲጀመር ሰባት ጠጠር ባንዴ አንቀሳቀስኩበት፤ ሩሲያዊው ደነገጠ! ሻይ የምታቀርብልን አንዲት ልጅ ነበረች፣ ለፎቶ አስቀምጠናት ነበር። እሷን አስነሥቼ ነው የተጫወትኩት።»

አቻውን መውሰዱን ለምጄው ነበር። ወረራውንም እንደወሰደ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው።

አጠገቤ የነበረች ጎረቤቴ «እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ ያኔ ቀበሌ ይሠሩ አልነበር? እውነት ነው?» አለችኝ።

«ሻይ አቀርብ ነበር» አልኳት። በሰው ለቅሶ ላይ ሰው አላዋርድም። የአባቴ ልጅ ነኝ።

ቤቴ ገብቼ ፎቶውን አወጣሁት። ከዚያ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

ከጻፍኩ አይቀር ሁሉንም ልናገር። በእርጅናዬ ቼዝ ገዝቼ የመጨረሻውን አሰላለፍ ብዙ ጊዜ ደርድሬዋለሁ። ግራንድማስተሩ ንጉሡን የሚደብቅበት አንድ ቦታ ነበረው። እዚያ ቢገባ ኖሮ ቼኬ ያልቅ ነበር፤ ይረታኝ ነበር። እኔ ያየሁትን ቦታ እሱ አላየውም ብዬ ራሴን ማታለል አልችልም። አውቆ ነው የተወልኝ። ይህን ያወቅኩ ሰሞን ተናድጄ ሰሌዳውን ቁም ሳጥን ላይ ወርውሬው ነበር። አሁን ንዴቱ ቀዝቅዞልኛል። ሰውየው አዘነልኝ ወይስ አከበረኝ የሚለውን ግን እስከዛሬ አልቆረጥኩም።

ስለዚህ አቻውን ስፖርት ኃላፊው ይውሰደው። ለሱም ለኔም ስጦታ ነበር። ወረራውን ግን አልሰጥም። እዚያ ላይ ማንም አላዘነልኝም። ያ ሰው ቆጥሮ ሰባቱን በሰባት የመለሰልኝ፣ የአባቴን እጅ እጄ ላይ ስላየ ነው።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ፣ ሰባቱ ጠጠሮች የትኞቹ እንደነበሩ፣ የት እንዳረፉም እዚህ ሙሉውን አልጻፍኩም። ረስቼ አይደለም። ስፖርት ኃላፊው ይህ ጽሑፍ የሚወጣበትን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። እሱ ከሆነ የተጫወተው ሰባቱን ጽፎ ይላክ፤ እኔም ፎቶውን እልካለሁ። በፎቶው ላይ የኔም የግራንድማስተሩም ዓይን ሰሌዳው ላይ ነው። ስፖርት ኃላፊው ወንበሬን ይዞ ከኋላዬ ቆሟል፤ የሚያየው ካሜራውን ነው።