ድምፁን አውጣልኝ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ጋሽ ጁሃርን የማያውቅ የለም። የሚታወቀው ግን ቁጣቸው ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ሬዲዮ ይጠግናሉ። እኔ ከጎናቸው፣ ግድግዳ ተጋርተን፣ ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ዘፈን እጭናለሁ። ወደኔ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው የሳቸውን ጩኸት ነው።

«ምን አለ!»

ሰላምታቸው ይቺ ናት። ደንበኛ ሲገባ «ምን አለ!»፣ ስልክ ሲያነሱ «ምን አለ!»፣ ልጃቸው ነጅዋ ምሳ ይዛ ስትመጣ እንኳ «ምን አለ!»። እኔ አገጬን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ጉሮሮዬን ሻከር አድርጌ ስላት እሳቸው ናቸው ብሎ የማይዞር የለም። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝም ይሄው አመሌ ነው። በሰልፍ ሰዓት ማይክ አግኝቼ በዳይሬክተሩ ድምፅ «ዛሬ ትምህርት የለም» ብዬ ተማሪውን በሙሉ ወደ ቤቱ ሸኝቼዋለሁ።

ይህቺን ግን ለሳቅ አይደለም የምጽፋት። ተናድጃለሁ። በባለመኪናው በይታየው ተናድጃለሁ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በሰው ቁጣ በሚስቀው ሁሉ ተናድጃለሁ። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የራሴ ነገር ነው።

ጋሽ ጁሃር እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያደጉ ናቸው። አባታቸው ጨው ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ግን ንግዱ አልሆን ሲላቸው ደብረ ታቦር ወርደው፣ ከአንድ ጡረተኛ የጦር ሠራዊት ሬዲዮ ሠራተኛ ዘንድ ሙያውን ተማሩ። ያኔ ሰው ሬዲዮኑን በአህያ ጭኖ ነበር የሚያመጣላቸው፤ ከስማዳም ከታች ጋይንትም። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እምቢ ሲልም ቄሱ ራሳቸው ይመጣሉ።

«ጁሃር፣ ማሕሌቱ ሳይቆም ማይኩ ቆመ።»

«እና እኔ ልቁምላችሁ!» ብለው ይጮሃሉ። ከዚያ ሠርተው፣ ራሳቸው ተሸክመው፣ ከቅጥሩ በር ድረስ ያደርሱላቸዋል።

ዛሬ ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው የለም። መደርደሪያቸው ግን ሙሉ ነው። ሠላሳ፣ አርባ ሬዲዮ፤ ሁሉም ተሠርቶ ያለቀ፣ ባለቤቱ ያልወሰደው። እያንዳንዱ ላይ በነጭ ፕላስተር ስም ተለጥፏል። ጧት ጧት አንድ ባንድ አቧራውን ይጠርጉታል። አንድ ቀን «እነዚህን ፈታትተው ለምን መለዋወጫ አያደርጓቸውም?» ብላቸው ያወረዱብኝን አልረሳውም።

«አደራ ይፈታል? እናትህ ለጎረቤት አደራ ብላ ብትተውህ፣ ጎረቤት ኩላሊትህን አውጥቶ ይጠብቃታል?»

ይሄንንም ቀድቼ፣ ስንት ቀን ሰው አሳቅኩበት።

እንግዲህ በጥር መግቢያ ላይ የእትዬ ዘርፌ ላንድሮቨር መጣች። ባለቤታቸው አቶ ካሴ፣ ነፍስ ይማር፣ በዚያ ድንጋይ መንገድ ወገዳ ይመላለሱባት የነበረች መኪና ናት። ከልጃቸው ከይታየው በዕድሜ ትበልጣለች። ዳሽቦርዷ ላይ ግራና ቀኝ ቁልፍ ያለው፣ መሀሉ መስታወት የሆነ ሬዲዮ አለ። አቶ ካሴ ካረፉ ወዲህ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ይታየው አሁን የሚከራይ የሙሽራ መኪና ሊያደርጋት ፈለገ። አሮጌ መኪና ላይ ፎቶ መነሳት ፋሽን ሆኗል። ለሠርግ ደግሞ ዘፈን ያስፈልጋል፤ ከስልክ በብሉቱዝ የሚጫወት።

እትዬ ዘርፌ ራሳቸው መጥተው ሱቁ በር ላይ ቆሙ።

«ጁሃር፣ አዲሱን የትም ክተተው፤ እሱ የልጁ ነው። ይሄን የካሴን ሬዲዮ የነካ ግን ዓይኔን አያይም።»

«ማን ይነካዋል! ወላሂ ካለበት ንቅንቅ አይልም!»

«አትጩህብኛ።»

«አልጮህኩም!»

እትዬ ዘርፌ ስቀው የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። ማክሰኞ እመለሳለሁ አሉ። ጋሽ ጁሃር ከዚያን ቀን ጀምሮ መሪው ስር ተጋድመው ሽቦ ይለካሉ። ይታየው «ምን እየሠሩ ነው?» ሲላቸው «ዝም በል!» ነው መልሱ።

ዓርብ ቀን ጁምዓ ሊሰግዱ ሲወጡ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ትተው፣ ሱቁን እንድጠብቅላቸው ነገሩኝ። ይታየው ደጃፉ ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ ይቁነጠነጣል።

«አራት ቀን ሙሉ መለካት! ልብስ ነው የሚሰፉላት? ደብረ ታቦር ቢሆን ባንድ ሰዓት አልቆ ነበር።»

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘርፌ ናቸው። አግዳሚው ላይ አራት ጎረምሳ ተደርድሯል፤ እነሱን ሳይ አላስቻለኝም። ስልኩን ጮክ አድርጌ እንዲሰሙት ከፈትኩና አገጬን ሳብኩ።

«ምን አለ!»

ጎረምሶቹ ተንከተከቱ። ከወዲያ የገበያ ጫጫታና የአህያ ጩኸት ይሰማል፤ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ጁሃር! ያን ሬዲዮ... እንደው... አውጣልኝ! ሰማኸኝ? አውጣልኝ!»

«ምን አለ!» አልኩ ደግሜ። ተቋረጠ።

ይታየው ከመኪናዋ ዘሎ ወረደ። «ሰማችሁ አይደል? አውጣው አለች! ራሷ እናቴ!»

«ቆይ፣ ጋሽ ጁሃር ይምጡ» ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ካልኩ ግን ስልኩን ማን አነሳው የሚለው ይመጣል። አፌ ስንቱን እየሆነ ሲለፈልፍ ኖሮ፣ የገዛ ራሱን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተው።

ይታየው በካቻቢቴ ፈነቀለው። የድምፁ ቁልፍ አልነቀል ሲለው በፒንሳ ጨምድዶ ጠመዘዘው፤ ቀጭ አለ። ሬዲዮኑን እንደ ድንጋይ ከኋላ መቀመጫ ላይ ጣለው። ከዚያ የገዛውን ባለስክሪን ቴፕ አመጣ። ቀዩን ሽቦ ሬዲዮኑ ሲጠቀምበት ከነበረው፣ ጥቁሩን ከመኪናዋ ብረት ጋር አሰረና የመኪናዋን ቁልፍ አዞረ። በመጀመሪያ ሸተተ። ከዚያ ጨሰ። ጎረምሶቹ አግዳሚውን ጥለው በረሩ።

ጋሽ ጁሃር ጭሱ ውስጥ ደረሱ።

«ምን አድርገሃል! የዚች መኪና ባትሪ ከዛሬዎቹ ግልባጭ ነው፤ ቀዩ ነው ከብረቷ የታሰረ! አራት ቀን ምን ስለካ መሰለህ?»

«አልነገሩኝማ!»

«ጠይቀኸኛል?»

«ጠይቄ ‘ዝም በል’ አሉኝ!»

ጋሽ ጁሃር ዞር ሲሉ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዳዳውን አዩ። ከኋላ መቀመጫ ሬዲዮኑን አነሱት። አንገቱ የተሰበረውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ማን አውጣ አለህ?»

«እናቴ። ደውላ።»

ጋሽ ጁሃር ስልካቸውን ከቻርጁ ነቅለው ደወሉ። እትዬ ዘርፌ ወዲያው አነሱ፤ አሁን ኔትወርኩ ጥርት ብሏል።

«ምን አለ! ሬዲዮኑን አውጣው ብለዋል?»

«ኧረ በመድኃኔዓለም! ‘ድምፁን አውጣልኝ’ ነው ያልኩህ! እግረ መንገድህን እንዲናገር አድርግልኝ ማለቴ ነው። ሰማኸኝ ስልህ ‘ምን አለ!’ ብለህ ስትጮህብኝ አልነበር?»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! ድምፅህን ላጣው ነው እንዴ?»

ጋሽ ጁሃር ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። እጠብቃለሁ፤ ጩኸቱን፣ ስድቡን። በጥፊም ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለስልኩ ብቻ፣ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «እሺ እትዬ ዘርፌ። ለማክሰኞ ይወጣል» አሉና ዘጉ።

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። እኔ ደሜ ፈልቷል። ይታየው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ሰውዬው መኪናዬን አቃጠላት» እያለ ያወራል። የሰማው ሁሉ ወደኔ ይመጣና «እስቲ ጁሃር ጭሱን ሲያዩ ምን አሉ? አድርገው እስቲ!» ይለኛል። አንዱን በሜሞሪ ሳጥን ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ። ማን አስለመዳቸው? እኔው።

ሥራው ግን በዚያች በተሰበረች የሬዲዮ ቁልፍ ላይ ቆመ። የዳሽቦርዱን ቆርቆሮ ቀጥቅጠው አቃኑት። ለብሉቱዙ የራሷ ባትሪ ያላት ትንሽዬ ዕቃ አዘጋጅተው፣ ድምፁ በአሮጌው ሬዲዮ በኩል እንዲወጣ ሽቦውን ዘረጉ። የተሰበረውን የድምፅ ቁልፍ የሚተካ ግን ጠፋ። ከደብረ ታቦር ያስመጡት እግሩ አጭር ነው፤ ቀዳዳውን አያልፍም። የሚሆነው ቁልፍ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ መደርደሪያው ላይ፣ «ጓዴ፣ ስማዳ» የሚል ፕላስተር የተለጠፈበት ሬዲዮ ውስጥ።

እሁድ ማታ ያን ሬዲዮ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ካቻቢቴ ይዘው፣ ብሎኑን ሳይነኩ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጠሩኝ።

«በናንተ ቀልድ የሰው አደራ ልነካ ነው።» ካቻቢቴውን አስቀመጡት። «ነገ ስማዳ፣ ወገዳ ትሄዳለህ። አያ ጓዴ ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉ ልጆቻቸውን ታስፈቅዳለህ። በራስህ አፍ! እኔን ሆነህ አይደለም።»

ሰኞ ጧት በአይሱዙ ተጭኜ፣ አንጀቴ እስኪላላ ተንገጫግጬ ወገዳ ደረስኩ። ጠይቄ ጠያይቄ፣ ከከተማው ወረድ ብሎ አያ ጓዴን አውድማቸው ላይ አገኘኋቸው። መንሽ ይዘው ገብስ ያነሳሉ። ጢማቸው በገለባ ተሸፍኗል።

«አያ ጓዴ፣ ጋሽ ጁሃር ልከውኝ ነው። ባለሬዲዮኑ።»

መንሹ ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አሁንም ይቆጣል?»

«ኧረ ለፈቃድ ነው የመጣሁት። ከሬዲዮዎ ላይ አንድ ቁልፍ...»

«ሬዲዮዬ አለ እንዴ?»

«አለ። ተሠርቶ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ምነው ሳይወስዱት ቀሩ?»

መንሹን ተደግፈው ወደ መሬት አዩ። «‘በሳምንቱ ና’ ብሎኝ ነበር። አጨዳ ያዘኝና በወሩ ሄድኩ። ደጁ ስደርስ አንዱን ‘ለምን ቀረህ! ቤቴ መጋዘን ነው?’ እያለ ሲያራግፈው ሰማሁ። ያ ሰውዬ የቀረው ሦስት ቀን ነው። እኔ ወር! ተመለስኩ። በዓመቱማ ይብስበታል ብዬ ተውኩት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ይኸው ያለ ሬዲዮ አረጀሁ።»

ልስቅ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «እሳቸው እኮ አፋቸው ነው እንጂ...»

«አፉንማ ነው የፈራሁት ልጄ። እጁንማ ማን ፈራው፤ እጁ ወርቅ ነው።» መንሹን እንደገና አነሱ። «ቁልፉን ውሰድ በለው። ጆሮዬም ደክሟል። ቀሪውን ግን እኔው መጥቼ እወስዳለሁ፤ የማይጮህ ከሆነ።»

ስመለስ የሰማሁትን አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። የአያ ጓዴን ድምፅ ግን አልሆንኩም፤ በገዛ ድምፄ ነው የነገርኳቸው።

«ማን ተቆጣ!» ብለው ጮሁ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «ማን ነው የተቆጣው! እኔ ነኝ የምቆጣው?»

ከዚያ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ወጣ። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ፕላስተር በፕላስተር፣ ስሙን ሁሉ አነበቡት። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ተቀመጡ።

«ይሄ ሁሉ?» አሉ። እኔን አልነበረም የጠየቁት።

ማክሰኞ እትዬ ዘርፌ መጡ። የመኪናዋን በር ከፍተው ገና ሳይቀመጡ የዳሽቦርዱን ጭረት አዩት።

«ጁሃር፣ ንቅንቅ አይልም አላልከኝም?»

«ብያለሁ። ተነቀነቀ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የሳቸው አይደለም!» አልኩ። «ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በሳቸው ድምፅ። የነቀለው ደግሞ ይታየው ነው።»

ይታየው መሬት መሬት አየ። እትዬ ዘርፌ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ ዓለምነህ፣ የሰው ድምፅ ከምትሰርቅ በግ ብትሰርቅ ይሻልህ ነበር። በግ ይመለሳል።» ወደ ልጃቸው ሲዞሩማ ያወረዱበትን እዚህ አልጽፈውም።

የሬዲዮኑን የድምፅ ቁልፍ እሳቸው ራሳቸው አዞሯት። ቀጭ አለች፤ ቆየች፤ አፏጨች። ከፉጨቱ ውስጥ አንድ ሰውዬ ዜና ማንበብ ጀመረ። እትዬ ዘርፌ እጃቸውን ከቁልፏ ላይ አላነሱም። ይታየው እንደ ምንም ብሎ ስልኩን አገናኘ። በዚያው በአሮጌው ስፒከር የሠርግ ዘፈን ለቀቀ። ጥርት ያለ ነው፣ እውነት ለመናገር።

«ዝጋው!» አሉት። «ዜናው አላለቀም። ሙሽራም ጭነህ ቢሆን ዜና ሰዓት ላይ ዘፈን የለም። ሰማኸኝ?»

መኪናዋ ስትሄድ ወደ ሱቄ ልገባ ስል ከኋላዬ ጩኸት መጣ፤ «ወዴት!»

ጋሽ ጁሃር ስልካቸውን ዘርግተውልኛል። በሌላ እጃቸው ከየፕላስተሩ የገለበጡት የስም ዝርዝር አለ። የአንዳንዱን ወይም የልጁን ቁጥር ከሰው ጠያይቀው አግኝተውለታል።

«ጥራቸው። እኔ ከደወልኩ አይመጡም። ሬዲዮናችሁ ተሠርቷል፣ የሚቆጣችሁ የለም በላቸው። በራስህ ድምፅ!»

የመጀመሪያውን ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች።

«አቤት፤ ማን ልበል?»

አገጬ በልማድ ወደ ውስጥ ሊሳብ ነበር። ያዝኩት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ስምህን ንገራታ!» ጮሁ ጋሽ ጁሃር ከጎኔ። «ስም የለህም እንዴ!»

ሴትዮዋ በስልኩ ሰምታ ደነገጠች። «ማነው የሚቆጣው?»

«ማንም አይደለም እትዬ» አልኩ። «እኔ ዓለምነህ ነኝ።»