የዲንቄ ግማሽ ሊትር

ከአዳማ ወደ ደራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለው ማደያ ነዳጅ የሚቀዳ ሠራተኛ ሁሉ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት አለው። ሰጪው ባለቤቱ ጋሽ ጆቴ ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸውና። «ወተት ቤንዚኑን ከሰውነት ጠርጎ ያወጣል» ይላሉ፤ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ። ጭምብል ይግዙልን ሲሏቸው ወተት፣ ራሳችንን አመመን ሲሏቸው ወተት። ሌላ መልስ የላቸውም።

ከቀጂዎቹ አንዷ ዲንቄ ይህን ወተት ቀምሳው አታውቅም ነበር። ኮዳ ውስጥ ትገለብጠውና ከቱታዋ ሥር ሸጉጣ ለልጇ ለጂጂ ትወስደዋለች። ምን ታድርግ? የከተማው ወተት ዋጋው አይቀመስ፤ ባሏ ምልኬሳ ባጃጅ ነጂ ነኝ ይበል እንጂ ግማሽ ሳምንቱን የሚውለው ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው። ጂጂ በዚያ ወተት ጉንጯ ሞላ። እናትየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሞተር ሳይክል ታንክ ላይ ታጎነብሳለች፤ ጎንበስ ብለው ካላዩት ሞልቶ ይፈሳላ፣ የፈሰሰውም ከደሞዝ ይቆረጣል። ከታንኩ አፍ የሚወጣውን ትነት ስትምግ ትውላለች።

መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር። ከዚያ ድዷ መድማት ጀመረ። ቀጥሎ ማንም ሳይነካት ጭኗና ክንዷ ሰንበር ያወጣ ጀመር፤ ምልኬሳን በድብደባ የጠረጠሩት ጎረቤቶችም ነበሩ።

«ወተትሽን አትጠጪማ» አለቻት አብራት የምትቀዳው ሌንሳ። «የሚጠርገው ሳይኖር ቤንዚኑ የት ይሂድልሽ?»

ዲንቄ ፈራች። ኮዳውን እርግፍ አድርጋ ተወችና ከሌንሳ ጎን ተቀምጣ ድርሻዋን እዚያው መጠጣት ጀመረች። ማታ ጂጂ ኮዳውን ፍለጋ ቦርሳዋን ስትበረብር አንጀቷ አይችልም፤ ግን ለማን ብላ ነው መዳን የፈለገችው? ክረምቱን ሙሉ ጠጣች። መሻል ቀርቶ ባሰባት፣ አንድ ጠዋትም ባጃጅ እየሞላች ሳለ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ሥራዋን ጠየቃት። የወተቱንም ነገር ነገረችው። አልሳቀባትም።

«እህቴ፣ በአፍንጫሽ ገብቶ ከደምሽ የተቀላቀለን ነገር ወተት የት ያገኘዋል?» አላት። «የተጎዳው፣ ደም የሚሠራልሽ የአጥንትሽ መቅኒ ነው። ብትጠጪም ባትጠጪም ያው ነበር። ከእንግዲህ ቤንዚን አጠገብ እንዳትደርሺ።»

ልትጠይቃት ለመጣችው ለሌንሳም ይህንኑ ነገረቻት። ሌንሳ ያመጣችውን ብርቱካን እንኳ ሳትልጥላት ተነሥታ ሄደች።

ዲንቄ እግሯ እንደጠና ጋሽ ጆቴ ዘንድ ሄደች። «ከማደያው አያባርሩኝ፤ ብቻ ከቤንዚኑ ያርቁኝ። ዘይት መሸጫው ውስጥ ያስቀምጡኝ» ብላ ለመነቻቸው። ሥራ ካጣች መታከሚያ የላትም፤ ካልታከመች ደግሞ ያለቀ ነገር ነው።

ጋሽ ጆቴ ሌንሳን ጠሩ። «ይቺ ሴትዮ ወተቷን ስትጠጣ አይተሻል?»

«አላየሁም» አለች ሌንሳ መሬት መሬት እያየች። «ኮዳ ውስጥ ነበር የምትደብቀው።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። ጎን ለጎን አይደል እንዴ የጠጡት! ግን ዲንቄ ጠጥታ ከታመመች፣ ነገ ተመልሳ ታንክ ላይ የምታጎነብሰው ሌንሳ ምን ተስፋ አላት?

«እኔ መድኃኒቷን ሰጥቻለሁ፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት» አሉና አሰናበቷት። ጥርት ያለ ፍርድ!

ቤትም ያው ሆነ። ምልኬሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ባጃጁን ሸጦ አሳክሟታል። ግን የሐኪሙን ቃል ስትነግረው ራሱን ይነቀንቃል። «ሌንሳ ጠጥታ ይኸው ደህና ናት። ምን ነበር ከመጀመሪያው ለራስሽ ብታስቢ?» ይላታል። ሊጠይቋት የሚመጡት ጎረቤቶችም አልጋዋ ሥር ተቀምጠው ይንሾካሾካሉ፤ ዓይናቸው ግን ጂጂ ላይ ነው። ልጅ አይሰማም ያላቸው ማን እንደሆነ እንጃ።

አንድ ቀን እንግዶቹ ሲወጡ ጂጂ አልጋው አጠገብ መጥታ ቆመች።

«እማ፣ መድኃኒትሽን የጠጣሁብሽ እኔ ነኝ?»

ዲንቄ አይደለም ልትላት አፏን ስትከፍት ድዷ ደማ፣ ደሙም በአገጯ ወረደ። ጂጂ ደሙን አይታ ወደ ኋላ ሸሸች።