ቡችላውና ባለካፖርቱ

የቧንቧ ውሃ ሻጯ ረሂማ የአዲሱን ጎረቤቷን ስም ገና አታውቅም፤ ድምፁን ግን ለይታዋለች። በነጋ ቁጥር ከአጥሩ ወዲያ ቡችላውን ሲቆጣ ትሰማዋለች፦ «ቤት ውስጥ አይሸናም! ይህ ግዳጅ ውጭ ነው የሚፈጸመው!»

ከዚያ ሁለቱም ይወጣሉ። ሰውየው ማዕረጉ የተነቀለ የወታደር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ቡችላው በሲባጎ ታስሮ እግሩ ሥር እየተደናቀፈ። ግራ ሲሉት ቀኝ ይሄዳል።

«አይዞህ፣» ይለዋል ቁራሽ ዳቦ እያጎረሰው፣ «እኔም ምልምል ሳለሁ እንዳንተው ነበርኩ።»

ረሂማ ሳቋን በሻሿ ትሸፍናለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ ያስተምረዋል። ለሶላት ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ ወደ መስጊድ የሚሄድ ሰው ሲያልፍ፣ ልብሱን ልሶ እንዳያረክስበት «ቁጭ በል!» ይለዋል። የቡችላው ሥራ ግን እስከ ትናንት ድረስ ጅራቱን እየቆላ ባገኘው ጀለቢያ ላይ መንጠልጠል ነበር።

ዛሬ ሼህ እንድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ብቅ አሉ። ቡችላው ማንም ሳያዘው ቁጭ አለ። ሰውየውም ሳይታወቀው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ማሻ አላህ!» አሉ ሼሁ። «ወታደር ልታደርገው ነው እንዴ?»

«የለም አባቴ፣ ወታደርነቱ በእኔ ይብቃ። እሱንስ ጎረቤት ላደርገው ነው።»