ከመሰላሉ ሥር የሚጣራ ድምፅ

ላሊንግ ማካታንጋይ በባታንጋስ አውራጃ፣ በማላባናን መንደር፣ አዋላጅም ወጌሻም ነበረች። በመንደሩ ከሚሯሯጡት ልጆች የአብዛኞቹን እትብት የቆረጠችው እሷ ናት። ባሏ በኮሌራ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ኢስኮን ያሳደገችው የሰው ወለምታ እያሸች ነው። እጇ ለስላሳ፣ ምላሷ ግን ሻካራ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የማትታገሠው ሥርዓት የሌለው ሰው ነው።

ለእሷ ሥርዓት የሚጀምረው ከመሰላሉ ሥር ነበር። በማላባናን ቤቶቹ በቀርከሃ ቋሚ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሰው ቤት የሚመጣ ሁሉ መሰላሉን ከመርገጡ በፊት ከታች ቆሞ «ታኦ ፖ» ይላል። በአክብሮት «ሰው ነኝ» ማለት ነው። ጫካ ውስጥ የሚኖረውና ሰው ያልሆነው ነገር ይህን ቃል መናገር አይችልም ይባላል። ከላይ «ይግቡ» እስኪባል ድረስ መውጣት ነውር ነው። ላሊንግ ምጥ የያዛት ሴት እየጮኸች እንኳ ከሥር ቆማ ትጣራለች። ጎረቤቷ ቤርቶ በዚህ ሲያሾፍባት ኖሯል።

«እትዬ ላሊንግ፣ አንቺ ከታች ስትጣሪ ልጁ ተወልዶ እሱ ራሱ ይግቡ ይልሻል።»

ስፔኖች ሲወጡ አገሩ የራሱ የሚሆን መስሎት የነበረው ሰው አሜሪካኖች ሲገቡ ዝም አለ። ዝም ያላሉት ሊዋጉ ወደ ተራራው ሄዱ፤ ኢስኮም ነፍሰ ጡር ሚስቱን ቲናንግን ለእናቱ ትቶ ከነሱ ጋር ሄደ። አሜሪካኖቹ በአቅራቢያው ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው የቄሶች ቤት ሰፈሩ።

አንድ ቀን ላሊንግ ምሳዋን እየበላች ሳለ አንድ ቀይ ጢም ያለው ሃምሳ አለቃ እያነከሰ፣ ከነቦት ጫማው፣ ምንም ሳይል መሰላሉን ወጥቶ መሐል ቤት ቆመ። ከፈረስ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል። አስተርጓሚው ዴሜትሪዮ፣ ከሌላ አውራጃ የመጣ ጠይም ወጣት፣ ከኋላው ብቅ ብሎ ጌታው መታሸት እንደሚፈልግ ነገራት። ላሊንግ መፍራት ሲገባት ተናደደች።

«ወርዶ ከታች ይጥራ በለው» አለች።

«እትዬ፣ እባክዎ፣ ይህን እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?»

«በአፍህ።»

እጇን አጣምራ ተቀመጠች፤ የዘይቱን ጠርሙስ አልነካችም። ሃምሳ አለቃው ምን እንደተባለ ጠየቀ፤ ሲነገረው ሳቀና በአንድ እግሩ እያነከሰ ወረደ። ከሥር ሆኖ ቃሉን እንደ ማስቲካ አላምጦ ተጣራ። አልተቀበለችውም። አጠር አድርገህ፣ ዝቅ አድርገህ፣ መጨረሻውን አትጎትት እያለች ደጋግማ አስባለችው፤ ልክ ሲሆን ብቻ «ይግቡ» አለችው። ከዚያ በኋላ እግሩን አሸችው፤ እግሩም ዳነ። መንደሩ ይህን እያወራ ሰነበተ። ላሊንግ አሜሪካኑን ሰው አደረገችው ይባል ነበር፤ እሷም ስትሰማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲቃረብ ቤርቶ አንድ የቆሰለ የተራራ ሰው ጓዳው ውስጥ ደብቆ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እራቱን እያሰናዳ ሳለ ከመሰላሉ ሥር አንድ ድምፅ «ታኦ ፖ» አለ። ድምፁ ትሑት ነበር። ቤርቶ ቀና እንኳ ሳይል «ይግቡ» አለ፤ መሰላሉን የወጡት ጠመንጃዎች ናቸው። ቁስለኛውንም እሱንም ወሰዷቸው። ቤርቶን በጀርባው አስተኝተው አፉ ውስጥ ውሃ ሲያፈሱበት፣ ሆዱንም ሲመቱት ሰነበቱና ለቀቁት። ላሊንግ የተመታ ሆዱን በዘይት ልታሽለት ስትሄድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነበር።

«ከሥር የተጣራው ሰው አነጋገር ልክ የአንቺ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ በማላባናን ለዚያ ቃል «ይግቡ» ብሎ የሚመልስ ጠፋ። ማንም ማንንም አልከለከለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ሰዎች ጎረቤት ሲሄዱ ያስላሉ፣ ወይም ልጅ አስቀድመው ይልካሉ። ላሊንግም ወደ ወላድ ቤት ስትሄድ አፏን ይዛ መሰላሉን መውጣት ጀመረች።

በኅዳር መጨረሻ ከአሜሪካኖቹ ትእዛዝ መጣ። የመንደሩ ሰው ሁሉ መሸከም የቻለውን ሩዝ ይዞ በከተማው ዙሪያ በተከለለው ቦታ ይሰብሰብ፤ ከክልሉ ውጪ የቀረ ቤትና እህል ይቃጠላል፤ ከክልሉ ውጪ የታየ ሰው ይተኮስበታል ተባለ። ላሊንግና ቲናንግ ከከተማው ቄራ አጠገብ በቀርከሃና በዘንባባ ቅጠል ጎጆ ቀለሱ። ጎጆዎቹ እንደ ጥርስ ተደርድረው ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ከኋላቸው፣ ወደ ማላባናን በኩል፣ ጭሱ ለብዙ ቀን አልጠፋም።

ከተራራ የወረደች አንዲት ሴት ኢስኮን ወባ እንደጣለው፣ ልጁ ሳይወለድ ወደ ክልሉ ለመግባት እንደሚሞክር በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ቲናንግ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣች። ላሊንግ ግን ነገሩን ቆርጣ አስቀመጠችው።

«ልጄ ለእናቱ ቤት እንግዳ አይደለም። ሲመጣ እማዬ ብሎ ነው የሚጣራው። እማዬ ካለ እንከፍታለን። ያንን ሌላውን ቃል ካለ ግን እዚህ ቤት ማንም የለም፤ ገባሽ?»

ቲናንግ ገባኝ አለች።

አንድ ቀን ሲመሻሽ፣ ዝናብ እየጣለ ሳለ፣ ከመዝጊያው ውጭ አንድ ድምፅ «ታኦ ፖ» አለ። ድምፁ ሻካራ ነበር። ቲናንግ ልትነሣ ስትል ላሊንግ የምራቷን አፍ በመዳፏ ያዘች።

«እሱ ነው፣ እማማ» አለች ቲናንግ በጣቶቿ መካከል።

ላሊንግ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ድምፁ ደገመ፤ አጠር ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ መጨረሻው ያልተጎተተ። እንደዚህ አድርጋ ያስተማረችው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ልጇ፣ አንዱ ሃምሳ አለቃው። ጭቃው ውስጥ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ጭቃው እግሩን እየመጠጠው ራቀ። ቀጥሎ ካለው ጎጆ ደጅ ተጣራ። እዚያም መልስ የለም። ቀጥሎ ካለውም ተጣራ። ጎጆዎቹ ሁሉ ሰው ሞልቶባቸው ትንፋሻቸውን ዋጡ።

ላሊንግ ነገሩ የገባት ድምፁ ብዙ ከራቀ በኋላ ነው። ይህ ጎጆ የእናቱ ቤት አይደለም። የእናቱ ቤት ተቃጥሏል። እሷ የትኛው ጎጆ ውስጥ እንዳለች የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው በየደጁ እንደ እንግዳ ነው የሚጣራው። መዝጊያውን ገፍታ ስትወጣ በጎጆዎቹ መጨረሻ ፋኖስ በርቶ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚጮኽ ሰው ተሰማ።

በማግስቱ ጠዋት ከየጎጆው አንድ አንድ ሰው የተያዘውን እንዲለይ ተጠርቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ኢስኮ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። የተራራ ሰው ዘመድ የሆነ ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል፤ እስር ቤቱ ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩበት። ዴሜትሪዮ ወደማን ቤት እየሄደ እንደነበር ጠየቀው።

«በየደጁ ተጣራሁ» አለ ኢስኮ፣ ማንንም ሳያይ። «ሰው ያለበት ቤት አላገኘሁም።»

ሰዎቹ በተራ እየቀረቡ አናውቀውም እያሉ አለፉ። ቤርቶም አላውቀውም አለ። የላሊንግ ተራ ሲደርስ ሃምሳ አለቃው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ለይቷት በትሕትና ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እግሩ ድኗል፤ ያመሰግንዎታል» አለ ዴሜትሪዮ። «ይህን ሰው ያውቁታል ወይ ይላል።»

«አላውቀውም።»

ዴሜትሪዮ ተረጎመ። መሄድ ነበረባት። እግሯ ግን አልተነሣም፤ ዓይኗ የልጇ የእጅ አንጓ ላይ ነበር።

«ገመዱ ጠብቋል» አለች። «ጣቶቹ እየጠቆሩ ነው። ያላሉለት።»

ዴሜትሪዮ ይህን አልተረጎመም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ ይሂዱ» አላት።

ሃምሳ አለቃው ምን እንዳለች ጠየቀ። ጥያቄው ሲደገምበት ዴሜትሪዮ ነገረው። ሃምሳ አለቃው ከግድግዳው ተላቀቀ። የእስረኛውን ፊት አየ፣ የላሊንግን ፊት አየ፣ ከዚያም ሳይቸኩል ማስተያየቱን እንደገና ከእስረኛው ፊት ጀመረ።