ስሟ እስኪጻፍ

የምትሠራበት የቪዲዮ ጌም ኩባንያ ባልደረቦቿ «ግድግዳ» ይሏታል። ሥራዋ የጨዋታውን ጀግና ከየግድግዳው ጋር እያላተመች፣ በስህተት ሾልኮ የሚያልፍበት ቦታ እንዳለ ማየት ነው። ደመወዟ ከተቀጠረች ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፤ አብረዋት የገቡትም ለቀው አልቀዋል። እሷን የያዛት ስሟ ነው። ጨዋታው ገበያ ሳይወጣ የለቀቀ ሰው፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ከሠሪዎቹ ጋር አይጻፍም።

ዛሬ አለቃዋ ጨዋታው ገበያ የሚወጣበት ቀን ለከርሞ መዛወሩን ነገራት።

«አይዞሽ፣ አንድ ዓመት ምን አላት!»

«ምንም የላትም» አለችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ታላቅ እህቷ ደወለች፤ መዛወሩን ስትሰማ፦

«ኧረ ተይው አንቺ! ልብስ ሱቄ መጥተሽ ሥሪ፤ ስምሽን በሩ ላይ በቀለም አስጽፍልሻለሁ።»

ሳቅም እንባም አልመጣላትም።

«እሺ እትዬ፣ መቼ ልጀምር?» አለችና ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።