ዋጋው እስኪወርድ

ሰው ሁሉ «ይደርሳል» ነው የሚለው። ሌላ ስም የለውም ማለት አይደለም፤ አለው፣ ግን መታወቂያው ላይ ብቻ ነው። ሥራው የተበላሸ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ከሱቆቹ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል አለችው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ተጋድመዋል። የእያንዳንዱ ብሎን በየራሱ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ተቀምጧል፤ የአንዱ ከአንዱ ተቀላቅሎበት አያውቅም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጉድ የሠራውም ጥንቃቄው ነው።

ደንበኛ ይመጣና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አስመረረኝ። ጥዬው አዲስ ልግዛ ይሆን?» ይለዋል።

«ምን አስቸኮለህ?» ይላል እሱ፣ ዓይኑን ከሥራው ሳያነሣ። «አዲሱ ሊወጣ ቢቀረው ሁለት ወር ነው። እሱ ሲወጣ አሁን ያለው ይወርዳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ጠብቅ፣ ይደርሳል።»

ደንበኛው አሮጌውን አስጠግኖ ይሄዳል። ነገር የሚያጣምም ሰው «እሱማ ጥገናው እንዳይቀርበት ነው» ሊል ይችላል። ሐሰት ነው። ይደርሳል ይህን አስቦት እንኳ አያውቅም። ሰው ያለጊዜው ገዝቶ ሲከስር ማየት ያመዋል፤ ሌላውን ጥርሱ እንደሚያመው ማለት ነው።

ደብተር አለው። ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ ገጹ በማስመሪያ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ ምን ሊወጣ ነው፣ ማን አለ፣ መቼ፣ ስንት። የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ ወሬ በብዕር አይጻፍም ባይ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ኢንተርኔት ላይ ገምጋሚ ነን የሚሉትን ሁሉ ያነባል። አንዱ ከፋብሪካ ሠራተኛ ሰማሁ ይላል፣ አንዱ መጋዘን ውስጥ የቀረውን ዕቃ ቆጥሮ «ሊቀይሩት ነው» ይላል፣ አንዱ ደግሞ ሕልሙን ይጽፋል። ይደርሳል ሁሉንም ለይቶ ያውቃቸዋል። ሦስት ጊዜ የዋሸ ሰው ስሙ ጎን ትንሽ ጅራት ይሣልበታል። ባለ ጅራቶቹን ከዚያ ወዲያ አይጠቅሳቸውም።

ታች ያለው ወፍራም ባለሱቅ ዕቃ ከማዘዙ በፊት ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና «ዛሬስ ደብተሩ ምን ይላል?» ይለዋል። ደብተሩ «ቆይ» ካለ ይቆያል። በዚህም ብዙ ጊዜ ተጠቅሟል። እንግዲህ ይደርሳል መገመት ያውቃል፤ ማንም ይህን አይነሣውም።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል። በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የስምንት ወር ሕፃን ነበር፤ ያሳደጉት እሷና አክስታቸው ናቸው። እሱ «እትዬ» ይላታል፤ እሷ የሃምሳ ዓመቱን ሰውዬ «ማሙሽ» ትለዋለች። ሠላሳ አራት ዓመት ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርታለች። እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽ የተጫረ ፎቶ ስትሞላ፣ የደበዘዘ ቅንድብ ስትመልስ፣ የተጨማደደ ጉንጭ ስታቃና ኖረች። ባለ ፎቶ ቤቱ ሰነፍ ስለነበር ተነሺውንም ወንበር ላይ የምታስተካክለው እሷ ነበረች። «አገጭ ቀና! ዓይን ወደ እኔ!» ትላለች። ይሄ አመሏ ጡረታ ከወጣችም በኋላ አልለቀቃትም፤ ወንድሟ ራት ላይ ደብተሩ ላይ ሲያጎነብስ ካየች «አገጭ ቀና!» ትለዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አክስታቸው ሞተች። ከወረቀቶቿ መካከል አንዲት ፎቶ ተገኘች፤ ብታክል ሁለት የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። እናታቸው ናት። ከዚያ በፊት የእናታቸው ፎቶ ቤት ውስጥ አልነበረም። ውሃ ገብቶባት ኖሮ ፊቱ ከቅንድብ እስከ አገጭ ተልጦ ሄዷል። የቀረው ለሁለት የተከፈለው ፀጉሯ፣ አንድ ጆሮዋና የቀሚሷ ኮሌታ ነው። ይደርሳል ፎቶዋን ይዞ ብዙ ቆየ። የእናቱን መልክ አያውቀውም ነበር፤ አሁንም አላወቀውም።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች እህቱ። «ፊቷን መሙላት እችላለሁ። ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በብሩሽ አንዴ ከሳትኩ ሳትኩ ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን የተሳሳተ ይመለሳል፣ አይደል?»

«ይመለሳል እትዬ። ደግሞ በር አሳክሎ ያሰፋልሻል።»

በማግስቱ ከሱቁ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣበት ተነሣች።

«ይሄ ይዋሻል» አለች። «ግራጫውን ቢጫ ያደርገዋል። ፊት ማለት ግራጫው እኮ ነው።»

ሠላሳ አራት ዓመት ግራጫ ያየች ሴት ናት፤ አልተከራከራትም። «ጥሩ ስክሪን ያለው እገዛልሻለሁ። አዲሱ ሊወጣ ነው፤ ሁለት ወር ጠብቂኝ» አለ። ገንዘቡ ነበረው። እዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት፦ ገንዘቡ በፖስታ ውስጥ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሹራቦቹ ሥር ነበር።

በዚያው ሰሞን እህቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። የዓይኗ መሀል እየጠፋ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል፤ መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ሁለት ዓመት፣ ምናልባት ሦስት፤ ይህን ነገሯት። ቤት መጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ለወንድሟ ነገረችው። መጨረሻ ላይም «እንግዲህ ማሙሽ፣ ዓይኔ ዋጋ እስኪወርድ አይጠብቅም» አለች። አንድ ጊዜ ነው ያለችው። ሁለተኛ አላነሣችውም።

ሰምቷታል። ደንግጧልም። ግን የድንጋጤ መድኃኒቱ ደብተሩ ነውና ከፍቶ አሰላ። ለዓይኗ ሁለት ዓመት አለ፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ወር ነው የቀረው። ጊዜ አለ፤ እንዲያውም ይተርፋል። ስሌቱ ትክክል ነበር።

ሁለት ወሩ አለቀና ፋብሪካው «ዘግይቷል» ተባለ። ይደርሳል ቀኑን አጥፍቶ ሌላ ቀን ጻፈ። ሌላው ቀን ሲደርስ ደግሞ ባለሱቁ ፊቱ ቀልቶ ወጣ።

«ጉድ ሰማህ? የሜሞሪ ዋጋ ጣሪያ ነካ! ትናንት የሸጥኩትን ዛሬ በዚያ ዋጋ ማምጣት አልቻልኩም። ላንተ ግን አንዱን በድሮው ዋጋ አስቀምጬልሃለሁ፤ ለእህትህ ብለኸኝ ነበር። ውሰደው።»

ይደርሳል አሰበ። «የትኛውን?»

«ያንን ባለ ሰፊ ስክሪኑን ነዋ።»

«እሱማ በዓመቱ መጨረሻ ሊተካ ነው። በሚተካው ላይ የሚመጣው ስክሪን ግራጫውን ፍጹም አይዋሽም ይላሉ። ጅራት የሌለው ሰው ነው ያለው። ለእትዬማ ምርጡ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው?»

«አንተ ታውቃለህ» አለና ባለሱቁ ወረደ። ያንኑ ዕለት ከሰዓት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ገዛችው።

እህቱ ይህን ሲነግራት ሳቀች። ደብተሩን በጣቷ መታ መታ አድርጋ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ» አለች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወጡን ቀመሰ፤ ጨው ሁለቴ ገብቶበታል።

ነገሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ሄደ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ተወች። ውሃ ስትቀዳ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰች። አንድ ቀን ይደርሳል ከሥራ ሲገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የገዛ ካፖርቱን «መጣህ ማሙሽ?» ስትለው አገኛት። ጀርባዋን ሰጥታው ነበርና እሱ ከኋላ «መጣሁ» አለ። ደብተሩ ላይ በዚያ ሳምንት «ሦስት ወር» የሚል ተጽፏል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ይደርሳልን ብቻውን አስገብቶ ነገረው። የዓይኗ መሀል ሙሉ በሙሉ ሄዷል። የበሩን ፍሬም ታያለች፣ በበሩ የሚገባውን ሰው ግን አታይም። ይደርሳል «እሺ» አለ። እህቱን ክንዷን ይዞ ወደ ቤት መለሳት፤ ከዚያ ሱቁን ከፍቶ ሁለት ኮምፒውተር ጠገነ። ብሎኖቹን በየክዳናቸው አስቀመጠ። አላለቀሰም። ማልቀስ ሊመጣ ይሆን ብሎ ትንሽ ጠበቀ፤ ሳይመጣ ሲቀር ክፍሉን ዘግቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋትም እንደ ወትሮው ወሬውን አነበበ፤ በእርሳስ ጻፈ። ለማን ብሎ እንደሚጽፍ ራሱን አልጠየቀም። እግር የለመደውን መንገድ ይሄዳል።

ከሰባት ወር በኋላ፣ ደብተሩ ያለው ቀን ደረሰ። አዲሱ በቀኑ ወጣ። የዋጋው ግምት ሳንቲም አልሳተም ማለት ይቻላል። የባለሱቆቹ ጫጫታ ከታች ተሰማ፤ ወፍራሙ ባለሱቅ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጥቶ አቀፈው።

«አንተ ነቢይ ነህ! ነቢይ! ሁላችንም ብንሰማህ ኖሮ!»

ደስ አለው? አላለውም። ከፋው? እሱም ቢሆን አልመጣለትም። የቀዘቀዘ ሻይ እንደ መጠጣት ነበር፤ አፉ ውስጥ ገባ፣ ወረደ። «አንዱን አስቀምጥልኝ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ እሱም ያውቀዋል፤ ግን ፖስታው ከሹራቦቹ ሥር አለ፣ ዋጋው ወርዷል፣ ቃልም ተሰጥቷል። ገዛው።

እሑድ ረፋድ ላይ ሣጥኑን ከፈተ። ጠረጴዛውን ከመስኮቱ አዙሮ ኮምፒውተሩን አስቀመጠ፤ ፎቶዋን ስካን አድርጎ አመጣት። ስክሪኑ እንደተወራለት ነበር። የኮሌታው ስፌት ታየ፤ ጆሮዋ ላይ ያለችው የጉትቻ ቀዳዳ እንኳ ታየች። መሀሉ ነጭ ነው። አሰፋው። ነጩም አብሮ ሰፋ።

እህቱ ወንበር ስባ ጎኑ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ የስክሪኑን ዳር ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች።

«ሰፊ ነው» አለች።

«ሰፊ ነው እትዬ።»

«ግራጫውስ?»

«አይዋሽም።»

«ዋጋውስ ወረደልህ?»

«በሲሶ።»

«ጎሽ» አለች። በነገር አልነበረም ያለችው። በነገር ብትለው ይሻለው ነበር።

«ትታያለች?» ስትል ጠየቀችው።

«ትታያለች» አለ። ለምን እንዳለ አያውቅም፤ አፉ ነው ያለው።

«ማንን ትመስላለች?»

«አንቺን።»

 ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ቁርጥ አባቴን ነኝ፣ ማሙሽ። ቁርጥ እሷን አንተ ነህ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፊትህን እያየሁ እኮ ነው ያልረሳኋት።»

ይደርሳል እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ነግረሽኝ አታውቂም» አለ።

«ሠርቼ ላሳይህ ነበራ።»

 ስክሪኑ ላይ ያለውን ነጭ አየ፤ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረም።

«በል ዙር ወደ እኔ» አለችው። «አገጭ ቀና።»

ዞረ። ጣቶቿ አገጩን አግኝተው ቀና አደረጉት። በአውራ ጣቷ ቅንድቡን ከመሀል ወደ ዳር አስኬደችው፤ አፍንጫውን ከላይ ይዛ እስከ ጫፉ ወረደች፤ ከዓይኑ ሥር ያለውን ጉድጓድ እየሞላች ያለች ይመስል ደጋግማ ነካችው። «ግንባሯ እስከዚህ ነው» አለች። «አፍንጫዋም እዚሁ ጋ ያበቃል። ጉንጯ ብቻ ሞላ ያለ ነበር፤ ያንተ ወርዷል።»

እሱ አሁንም አንድ ነገር እንዲመጣለት ጠበቀ። የመጣለት ጣቶቿ መንቀጥቀጣቸው ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጮኸ። ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ሰው ሁሉ አሁን ይገዛ ወይስ ሌላ ይጠብቅ እንደሆነ ሊጠይቀው ይደውላል።

«አንሣው እንጂ» አለች እህቱ።

«ይጠብቁ» አለ።

«እንግዲያው አትንቀሳቀስ፤ ገና አልጨረስኩም» አለችው።

አልተንቀሳቀሰም።